ስልኬ የሚያድርበት ቤት

ሰኞ 4

አዲሱ ሥርዓት ዛሬ ተጀመረ። ኃላፊያችን ጠዋት ሁላችንንም ስብሰባ ክፍል ሰብስቦ ግድግዳው ላይ የከተማውን ካርታ አበራና "ከእንግዲህ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ቀረ!" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኛ ክፍል ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን የሚሰጠውን ድጋፍ ያጣራል። ድጋፉ ለታመመ ቤት ድረስ የምትመጣ ነርስ፣ ለደከመ ደግሞ ልብስ የሚያጥብና ቤት የሚያጸዳ ረዳት ነው። ብዙ ሰው ከልጁ ወይም ከልጅ ልጁ ጋር እየኖረ "ብቻዬን ነኝ" ብሎ ይመዘገባል። ይህ ሐሜት አይደለም፣ በዓይኔ አይቻለሁ። እስከዛሬ ጎረቤት እየጠየቅን ነበር የምናጣራው፤ ጎረቤት ደግሞ ወይ ተጣልቷል ወይ ተወዳጅቷል። አሁን ስልኮች የት እንደሚያድሩ ይላክልናል። አመልካቹ ቤት የሱ ያልሆነ ስልክ በወር ከዐሥር ሌሊት በላይ ካደረ ፋይሉ ቢጫ ይሆናል። ሳይስተካከል ከቆየ ወይም ስልኩ ከበዛ ቀይ። ቀይ ከሆነ ድጋፉ ይቆማል።

የመስክ አጣሪያችን ጥላ ይባላል። ሰው ስለሚከታተል እኛ ያወጣንለት ስም ነው፤ እሱም ወዶታል። ለሥርዓቱ ወዲያው ስም አወጣለት፤ "አጅሬ"። "አጅሬ አይተኛም፣ አጅሬ ጉቦ አይበላም፣ አጅሬ አማት የለውም" እያለ ሲያስቀን ዋለ።

እማዬም የኛ መሥሪያ ቤት ተረጂ ናት። ፋይሏን የከፈተው ሌላ ሰው ነው፤ ዝምድናችንን የጠየቀኝም የለም። በስኳሩ ምክንያት አንድ የእግሯ ጣት ከተቆረጠ ወዲህ ነርሷ በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣች ቁስሏን ታጥብላታለች። ሐኪሙ "ይህ ቁስል በባለሙያ እጅ ካልተያዘ እግሩንም እናጣዋለን" ብሏል።

እኔ እማዬ ቤት ያለሁት ለጊዜው ነው። ቤታችን ቀለም እየተቀባ ነው፣ ሽታው ራሴን ያመኛል። ሲደርቅ እመለሳለሁ። ለጊዜው ያረፈ ሰው ኗሪ አይባልም። ይህን ለማንም ማስረዳት ይቻላል።

ሐሙስ 7

በችኮላ። ምሳ አልበላሁም። ቢጫው በዛ።

አንድ ሰዓት ጠጋኝ ሽማግሌ ባለጉዳይ የማስተናግድበት መስኮት ላይ መጡ። አጅሬ በሳቸው ቤት ዘጠኝ ስልክ ያድራል ብሎ በቀይ አውጥቷቸዋል። ስነግራቸው መስታወቱን ጠጋ ብለው "ልጄ፣ ስልክም ይተኛል እንዴ?" አሉኝ። ከሰዓት ሌላ ስልክም ይጠግናሉ፤ ሰው የተሰበረውን ያመጣል፣ ሲሠራለት ይወስዳል። ለኃላፊው ሄጄ ነገርኩት። "ምክንያት የሌለው ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? የስልኮቹ ባለቤቶች ቀርበው ይፈርሙ" አለ። ሽማግሌው "እንዲህ ያሉ ሰዎችማ ስልካቸውንም ለመውሰድ አይቀርቡም" ብለው ሳቁ፤ በምርኩዛቸው እየተደገፉ ሄዱ።

ረዳታቸውን ያስቆመውን ቁልፍ የተጫንኩት እኔ ነኝ። ትእዛዝ ነው። ግን ጣቱ የኔ ነው።

ቅዳሜ 9፣ ማታ

እማዬ ተኝታለች። ሶፋው ላይ ሆኜ እጽፋለሁ። የእማዬ ቤት አንድ ክፍል ከግማሽ ነው፤ ስትተነፍስ ይሰማኛል፤ ይህ ድምፅ ካለ እንቅልፍ ይወስደኛል። እኛ ቤት ስተኛ የማዳምጠው ሌላ ድምፅ ነው፤ የመኪና በር፣ ከዚያ ቁልፍ፣ ከዚያ አረማመዱ እንዴት እንደሆነ።

ነርሷ ዛሬ መጥታ ነበር። ፋሻውን እየፈታች "ቁስሉ መዝጋት ጀምሯል እማማ፤ እንዲህ ከያዝነው በእግርዎ ገበያ ይሄዳሉ" አለቻት። እማዬ "ልቤማ መቼ ከገበያ ወጥቶ ያውቃል" አለች። ስትወጣ በር ድረስ ሸኘኋት። ዕቃ ሳጥብ እጅጌዬን ሰብስቤው ኖሯል፤ ክንዴን አየችው።

"ይሄ ምንድነው?"

"የቁምሳጥን በር ነው።"

"የቁምሳጥን በር አምስት ጣት የለውም" አለችኝና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሄደች። ነርስ ሆኖ ነገር የማያከብድ የለም። ሁሉን ነገር ቁስል ያደርጉታል።

ከራት በኋላ እማዬ "ቀለሙ አልደረቀም?" አለችኝ።

"ገና ነው።"

"ጉድ ነው። እኛ ይሄን ቤት ስናስቀባ በማግስቱ ተደግፈነው ነበር የምናወራው።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ተነሥታ፣ በዚያ እግሯ፣ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ከራሷ አልጋ ላይ አንሥታ ሶፋው ላይ ጣለችልኝና "እኔን ይሞቀኛል" አለች። ውሸቷን ነው። ብርድ አትችልም።

ከዚያ ባለቤቴ ደወለ።

"ነጥብሽ እናትሽ ቤት ናት" አለኝ።

"አዎ።"

"ትናንትም እዚያ ነበረች።"

"አዎ።"

"ናፍቀሽኛል እኮ። እስከመቼ ነው የምታስጠብቂኝ?"

ባለቤቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። የሙያ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው፤ ተማሪዎቹም ጎረቤቱም የሚያደንቁለት ይህን ነው። የተጋባን ሰሞን የት እንዳለሁ የሚያሳየውን ነገር ስልኬ ላይ ራሱ ጫነልኝ። "ለደኅንነትሽ ነው" አለኝ። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የሚያስብልኝ ሰው አገኘሁ ብዬ። ስልኬን ካጠፋሁ "አንድ ነገር ሆነሽ መስሎኝ" እያለ እስካለሁበት ይመጣል። ስለዚህ አላጠፋም። ሁለት አጅሬ አለብኝ ማለት ነው።

ይህን ደብተርም አንድ ጊዜ አንብቦት ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ቢነበብ የሚያስቆጣ ነገር አልጽፍበትም። ከላይ ስለ አረማመድ የጻፍኩትን ልሰርዘው ነበር። ይቅር፣ ነገ እሰርዘዋለሁ።

ሰኞ 11

አየሁት።

የእማዬ ፋይል ቢጫ። አንድ ሌላ ስልክ ያድራል ይላል። የባለቤቱን ስም አያወጣም፣ የቁጥሩን መጨረሻ ብቻ ነው። የኔ ነው። አጅሬ ያለፉትን ሳምንታትም ቆጥሯል።

ጥላ ከኋላዬ መጥቶ "ምን እንዲህ አፈጠጥሽ እህቴ፣ ዘመድ አገኘሽ እንዴ?" አለ። ገጹን ዘጋሁት። "ዓይኔን አሞኝ ነው" አልኩት።

ማክሰኞ 12፣ ማታ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ብናገርስ? ኃላፊው ትናንት ምን እንዳለ ሰምቻለሁ፤ "የራሳችን ሰው ከተገኘበት ደግሞ እጥፍ ነው የምቀጣው፣ ሌላው እንዲማር።" ልክ ነው እንጂ። ገብቼ "ለጊዜው ነው" ብለው "እስከመቼ?" ይለኛል። እስከመቼ ለሚለው መልስ የለኝም። አለኝ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ።

ነርሷ ከቀረች እማዬን የጤና ጣቢያው ሰልፍ ነው የሚጠብቃት። እሱም ቁስል አጣቢ ያለ ቀን። ጣቷ የሄደው እዚያ ሰልፍ ላይ ተራዋ እስኪደርስ ነው። ሐኪሙ ያንን "በጊዜ ባለመምጣታቸው" ብሎ ነው የጻፈው፤ እኛ ግን በጊዜ መጥተን ነበር።

ስልኬን ባጠፋው እሱ ይመጣል። እዚህ በር ላይ ቆሞ ለእማዬ "እንደምን አመሹ እናቴ" ሲላት ማየት አልፈልግም። ባላጠፋው አጅሬ ይቆጥራል። ስልኩ እዚህ ማደር የለበትም፣ እኔ ደግሞ እዚህ ማደር አለብኝ። ይህን እያሰላሰልኩ ስገላበጥ እንቅልፍ የወሰዳት መስሎኝ የነበረችው እማዬ በጨለማው ውስጥ "ተኚ በቃ፤ ያልነጋ ሌሊት የለም" አለችኝ።

መሥሪያ ቤት መሳቢያ አለኝ። ቁልፍ ያለው።

ዓርብ 15

ሠርቷል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ስልኬ መሳቢያ ውስጥ ያድራል፣ እኔ ሶፋው ላይ። ለሱ "አዲሱ ሥርዓት ሥራ ስላበዛ አመሻለሁ" ብዬዋለሁ። ማታ ማታ ሲደውል አላነሣም፤ እንዴት ላንሣ። ጠዋት ስከፍተው ያመለጡ ጥሪዎች ተደርድረው ይጠብቁኛል። የመጨረሻው መልእክት ሁለቱንም ቀን አንድ ነው፤ "ደኅና እደሪ የኔ ቆንጆ።"

ሌሊት እማዬ ብትወድቅ በምን እደውላለሁ? የሷ ስልክ ቻርጅ አይዝም። ባለሙያ ነኝ እኮ፣ ሰው ሁሉ ስልኩን ታቅፎ ሲተኛ እኔ ብቻ ከስልኬ ተደብቄ የምተኛ።

ሰኞ 18

ጠዋት ስገባ ባለቤቴ የእንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከጥላ ጋር እየተሳሳቀ ነው። ሲያየኝ ተነሥቶ ግንባሬን ሳመኝና ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ "ሚስቴን ሌት ተቀን ነው እንዴ የምታሠሯት? ስልኳ እኮ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያድርም" አለ። ሰው ሳቀ። "ባል እንዲህ ነው!" አለች የጎን መስኮቷ ሠራተኛ።

ኮሪደሩ ላይ ብቻችንን ስንሆን እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። ከሩቅ ለሚያየው ያቀፈኝ ነው የሚመስለው። "ስልኩ እዚህ ካደረ አንቺ የት ነበርሽ?" አለኝ በለሆሳስ።

"እማዬ ጋ።"

"ታዲያ ነጥብሽን ለምን ትደብቂያታለሽ? ከኔ ነው ወይስ ሌላ ሰው አለ?"

ስለ አጅሬ ልነግረው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ያንን ካወቀ አንድ ቀን ሲከፋው ራሱ ስልክ አንሥቶ ይጠቁማል። ጣቶቹ ጠበቁ። ሲለቀኝ የሸሚዜን አንገት አስተካከለልኝ።

ጥላ "እንዲህ ያለ ባል! ዕድለኛ ነሽ እህቴ" አለኝ። ከምሳ በኋላ ግን ቀልዱን አቆመ። ጥላ ዝም ካለ እያሰበ ነው። ስልኳ ለምን ቢሮ ያድራል ብሎ ነው የሚያስበው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ረቡዕ 20፣ ማታ

ሰዓት ጠጋኙ ሽማግሌ ውሃ ሊቀዱ ሲሉ ቧንቧው አጠገብ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ረዳታቸው ቢኖር እሱ ነበር የሚቀዳላቸው። ወሬውን ያመጣው ጥላ ነው። ኃላፊው "ያሳዝናል" አለ፣ ከዚያ ሻይ አዘዘ። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ እጄን እያየሁ ቆየሁ። ደግሞ የማስበው ስለሳቸው እንኳ አልነበረም። የእማዬን እግር ነበር የማስበው። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ።

ወስኛለሁ። ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ስልኬም እኔም እዚያው እናድራለን፣ የእማዬ ፋይል ይጸዳል፣ ጥላም የሚያስበው ያጣል። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ። ፈሪ ሮጦ አምልጦ ለእናቱ ይተርፋል ማለት ነው። እኔ ደግሞ ለእናቴ እንድተርፍ የምሮጠው ወደዚያው ነው።

ለእማዬ ነገርኳት።

"ቀለሙ ደረቀ" አልኳት።

እግሯን ነበር የምታየው። "ልብስሽን ሁሉ ይዘሽ ነው የምትሄጂው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። አንድ ቀሚሴን ከቦርሳው አውጥታ እንደገና አጥፋ አጥፋ፣ ቦርሳው ውስጥ ሳይሆን ትራሷ ሥር አስቀመጠችው።

ሰኞ 25፣ በምሳ ሰዓት፣ ቢሮ

ደብተሩ ከዛሬ ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚኖረው።

ደኅና ነኝ። ጫማ ገዝቶልኛል፣ ጠቆር ያለ፣ ተረከዙ አጭር፣ ደስ የሚል። ትናንት ቀኑን ሙሉ ቤት ዋልን። ቴሌቪዥን አየን። ስነሣ "የት ነው?" ይለኛል፣ ወጥ ቤት ስል "እሺ" ይላል።

ሁሉም ደኅና ነው።

ሐሙስ 28፣ ቢሮ

አርፍጄ ገባሁ። የመታጠቢያ ቤታችን ወለል ያንሸራትታል። ከንፈሬ አብጧል፤ ባለጉዳዮቹን ያስተናገድኩት በወረቀት እያመለከትኩ ነው።

የእማዬ ፋይል አረንጓዴ ሆነ።

ሰኞ 2፣ ቢሮ

በምሳ ሰዓት ስልኬን ጠረጴዛዬ ላይ ትቼ ወደ እማዬ በታክሲ በረርኩ። መስኮቱ ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። በሩን ስዘጋ ጀርባዬን እያየች "አንድ ልጅ ከመሥሪያ ቤታችሁ መጥቶ ነበር" አለችኝ። "ጨዋ ነው፤ ጫማውን በር ላይ ጠረገ። 'ባለፈው ወር አብሮዎት የሚያድረው ማን ነበር?' አለኝ።"

ጥላ ነው። "ምን አልሽው?"

"'ልጄ ናት፤ ትንሽ አርፋ ወደ ቤቷ ሄደች' አልኩት። የት እንደምትሠሪ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ከዚያ እኔ ደግሞ ጠየቅኩት። ሰው አብሮኝ ቢኖር ምን ይሆናል ብዬ። 'ድጋፉ ይቆማል እማማ' አለኝ። እንዴት ነው የሚነገረው አልኩት። 'ራስዎ መጥተው በመስኮት ያስመዘግባሉ።'"

"ምን አስጠየቀሽ እንዲህ ያለ ነገር?"

"እርጅና" አለች። ቀጥላ "የሄድሽው ለዚህ ነው?" አለችኝ።

"ለምን?"

"ለእግሬ።"

"ኧረ እማዬ! ቤቴ አይደል እንዴ የሄድኩት?"

አገጬን ያዘችና ፊቴን ወደ ፀሐይ አዞረችው። ከንፈሬ ላይ የቀረውን ነገር በአውራ ጣቷ ነካችው፤ ልጅ ሆኜ አፌን እንደምትጠርግልኝ አድርጋ።

"ይሄስ?"

"ወለሉ ነው። አንሸራቶኝ።"

"ወለሉ" አለች። እጇን ቶሎ አላነሣችም፤ እኔም ታክሲ እንዳያመልጠኝ ብዬ ወጣሁ። ተመልሼ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ ስልኬ እየጮኸ ነበር።

ዓርብ 6፣ ቢሮ

አሁን ከሥራ ስወጣ በር ላይ ይጠብቀኛል። ከሰኞ ወዲህ ነው። ያን ዕለት ለምን አላነሣሽም ብሎ ጠይቆኝ "ስብሰባ" ብዬው ነበር። ትናንት ማታ የቤቱን ቁልፍ ከቦርሳዬ አወጣ። "ሁልጊዜ አብረን ስለምንገባ ምን ያደርግልሻል?" አለ። የሚያሳዝነው ነገሩ ትክክል መስሎ ተሰማኝ።

እፈራለሁ። ምን እንደምፈራ ግን አልጽፍም። መሳቢያ ይሰበራል።

አንድ ነገር ብቻ፤ ትናንት ማታ እጁ አንገቴ ላይ ነበር። ትንሽ ጊዜ ነው። ከዚያ "ቀልዴን ነው" አለ።

ሰኞ 9፣ ማታ

የምጽፈው ከእማዬ ቤት ነው። ከመጀመሪያው ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት ነገ እኔም አላምነውም።

ጠዋት መስኮቴ ላይ ሰልፉ እስከ ደረጃው ደርሶ ነበር። ተራ ቁጥር ተጠራ፣ ቀና ስል እማዬ ናት። ነርሷ በብብቷ ደግፋታለች። በፋሻ የተጠቀለለው እግሯ ላይ ላስቲክ አጥልቃለች፣ ጭቃ እንዳይነካው።

"እማዬ! ምን ሆነሽ? ለምን ተነሣሽ?"

"ተራዬ ነው" አለች። "ባለጉዳይ ነኝ።"

"ቤት እንነጋገራለን እንጂ እዚህ—"

"ቤት ስንነጋገር በር ነው፣ ወለል ነው ትዪኛለሽ። እዚህ የተባለው ግን ይጻፋል አሉ። እኔም እሱን ብዬ ነው የመጣሁት። ጻፊ።" ሁለት እጇን የመስኮቱ ጠርዝ ላይ አኖረች። "ብቻዬን አልኖርም። ልጄ አብራኝ ትኖራለች።"

"ልጅዎ..." አልኳት። እናቴን "እርስዎ" ብያት አላውቅም። በሷ ፊት እንደ ልጅ ከተናገርኩ አለቅሳለሁ ብዬ ፈርቼ መሰለኝ። "ልጅዎ የራሷ ቤት እንዳላት ነው መዝገቡ የሚለው።"

"መዝገቡ ተሳስቷል።"

"ድጋፉ ይቆማል። ነርሷ አትመጣም።"

"ነግራኛለች።"

"እግርዎ—"

"እግር ሁለት ነው የተሰጠኝ" አለች። "ልጅ ግን አንድ ናት።"

ከኋላዋ የነበሩት ሰዎች ማጉረምረም ትተው ያዳምጣሉ። ኮምፒውተሩ "አብሮ መኖር የጀመረበት ቀን" ይላል። ሌላውን ሁሉ ባለጉዳይ እንደምጠይቀው ጠየቅኳት። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ባሏ መደብደብ ከጀመረ ጀምሮ።" ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። "ቀኑን እሷ ታውቀዋለች። እሷን ጠይቂያት።"

የጎን መስኮቷ ሠራተኛ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጥላ ፋይል እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል። ኃላፊውም ከቢሮው ወጥቷል። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ። እማዬ ግን ማንንም አታይም፣ እኔን ብቻ ነው፤ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፤ ለካ እሷም ፈርታለች። ቀኑን ጻፍኩት። ቀጥሎ "ምክንያት" የሚል ሳጥን አለ።

"ምን ብዬ ልጻፍ?" አልኳት፤ አሁን እንደ ልጅ ነው የጠየቅኳት።

"እንደሆነው።"

ጻፍኩት። እዚህም እጽፈዋለሁ። ባሌ ይመታኛል። ከተጋባን በዓመቱ ነው የጀመረው። ቀለም የሚባል ነገር አልነበረም።

ከዚያ ኃላፊው ጠራኝ። "ሠራተኛ ሆነሽ ይህን ደብቀሽ!" ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ አቆመ። ከማጣሪያው አንሥቶኛል፤ ጉዳዬ ይታያል አለ። ሊያባርሩኝ ይችላሉ። ጥላ እማዬን ታቅፎ ደረጃውን አወረዳት። ታክሲው ጋ ሲደርስ "እህቴ፣ ያን ቀን እኔ ዕድለኛ ነሽ..." አለና አልጨረሰውም። በኋላው በር በኩል ነው ያስወጣን፤ ባለቤቴ ዛሬ ለምሳ መጥቶ በፊት ለፊቱ ይጠብቅ ነበር።

ታክሲው ውስጥ ነርሷ ስልኬን ተቀብላ እሱ የጫነውን ነገር አጠፋችው። በጣም ቀላል ነው ለካ።

ረቡዕ 11

ዛሬ አመሻሹ ላይ መጣ።

ነጥቤ ከጠፋችበት ጀምሮ ሲደውል ነበር፣ አላነሣሁም። አረማመዱን ከመንገዱ ጀምሮ ለየሁት። እጄ ላይ የነበረው ሳህን ወደቀ፤ አልተሰበረም። እማዬ አልጋዋ ላይ ነበረች። በቀስታ አንኳኳ፣ እንደ እንግዳ።

"እንደምን አመሹ እናቴ። ሚስቴን ልወስድ ነው የመጣሁት።"

መንቀሳቀስ አልቻልኩም። እማዬ ግድግዳውን ይዛ ተነሣች። ታማሚ እግሯን እየጎተተች በሩ ጋ ደረሰች፤ አልከፈተችውም። ግንባሯን እንጨቱ ላይ አስደግፋ ጎረቤት ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ጮኸች።

"እዚህ ቤት የሚኖረው ሁለት ሰው ነው! መንግሥት መዝግቦታል! የሚወሰድ የለም!"

የማዶው ጎረቤት መስኮት ሲከፈት ሰማሁ። ቀጥሎ ሌላ በር። አንዱ "ማነው እሱ?" አለ። ባለቤቴ ደጁ ላይ ቆሞ ቆየ፤ ትንፋሹ በበሩ ስንጥቅ ይሰማኛል። "የቤተሰብ ጉዳይ ነው" አለ ለጎረቤቱ፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ። ማንም መስኮቱን አልዘጋም። በመጨረሻ ኮቴው ራቀ።

ነገ ይመለስ ይሆናል። አሁንም እፈራለሁ። እማዬ መቀርቀሪያውን በእጇ ነካ ነካ አድርጋ አየችውና ሶፋው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እግሯን አንሥታ ጭኔ ላይ አደረገችው።

"ነይ ፋሻውን ፍቺልኝ" አለችኝ። "ዛሬ ነርስ የለችም።"